ገብታ ያልተመዘገበችው ኡምኩልሱም

አሶሳ ውስጥ፣ ወደ መንጌ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው የአንድ ረድኤት ድርጅት ግቢ አለ። በዚያ ግቢ ውስጥ ኡምኩልሱምን የማያውቅ ሰው የለም። ሰው ብቻ አይደለም፤ ወንበሮቹም ያውቋታል! ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስትወለውላቸው የቱ እግሩ እንደሚንገዳገድ፣ የቱ ሲቀመጡበት እንደሚያቃስት፣ ከየትኛው ሥር ማን ማስቲካ እንደለጠፈ አንድ በአንድ አጥንታቸዋለች። በአንዱም ላይ ግን ተደላድላ ተቀምጣ አታውቅም። ስለዚህ ይህ የወንበር ታሪክ ነው። የለም፣ ቆይ፣ የእንግሊዝኛ ታሪክ ነው። ኧረ የሁለቱም ነው!

ኡምኩልሱም የተወለደችው መንጌ ነው። እናቷ ዓፊያ ወርቅ አጣቢ ነበሩ። ጎንበስ ብለው ገበቴያቸውን ከጅረቱ ላይ ሲያሽከረክሩት፣ እሷ ከጎናቸው ዐፈር ትዝቃለች፣ ውኃ ታቀብላለች። ስታጉረመርም እናቷ በበርታኛ፣ "ዝም በይና አሽከርክሪ፤ ጭቃው ይሂድ፣ የቀረው ያንቺ ነው" ይሏት ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ነው። አባቷ በልጅነቷ ሞቱ። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አግብታ አሶሳ ገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢቲዳል የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነጋዴው "ኩርሙክ ደርሼ ልመለስ" ብሎ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እየደረሰ ነው።

እሷ ግን ተቀምጣ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም፤ መቀመጫስ መች አላት! ባልዲዋን አንጠልጥላ በዚያ አረንጓዴ በር ገባችና ጽዳት ሆነች። ኢቲዳል ፊደል ስትቆጥር እሷም ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ዓመት እየደገመች፣ ዓመት እየዘለለች ዐሥረኛን ጨረሰች። የምስክር ወረቀቷን ላስቲክ አልብሳ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችና አንድ ነገር መጠበቅ ጀመረች። የምትጠብቀው ወንበሩን ነው።

ወንበሩ ያለው ሸርቆሌ ነው። ድርጅቱ በስደተኞች ሰፈር አቅራቢያ የሴቶች ማእከል አለው፤ መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ወንበር። እዚያ የምትቀመጠዋ ሴት መጪውን ትቀበላለች፣ ስም ትመዘግባለች፣ "ለክሊኒኩ በግራ፣ ለስፌቱ በቀኝ" ትላለች። የቅጥር ማስታወቂያው በርታኛ የሚችል ይላል፤ የእናቷ ቋንቋ ነው። ዐረብኛ ይላል፤ ዐረብኛን ከቁርኣን ቤትና ከገበያ ሳትከፍልበት ነው ያገኘችው። አማርኛም ይላል። ምን ችግር አለ? ወንድና ሴቱ አልፎ አልፎ ይደባለቅባታል እንጂ የፈለገችውን ተናግራ የፈለገችውን ታገኛለች። ዐሥረኛ ክፍል፣ አለ። ዕድሜ ከአርባ አምስት ያልበለጠ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ! ኡምኩልሱም አርባ አምስት ዓመቷ ነው። መስከረም ሲጠባ ወንበሩ ለዘላለም ያመልጣታል።

የመጨረሻው መስፈርት ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

የመጀመሪያው ፈተና "ስላለፈው ሕይወትሽ ጻፊ" ይል ነበር። ጻፈች። "አይ ጎ ስኩል። አይ ሜሪ። ማይ ፋዘር ዳይ።" የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሕብረት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት።

"ኡምኩልሱም፣ አባትሽ አሁን እየሞቱ ነው እንዴ?"

"ኧረ ወላሂ ሞተ! ድሮ ሞተ!"

"እዚህ ላይ ግን ገና አልሞቱም። ያለፈ ነገር በኃላፊ ጊዜ ነው የሚጻፈው።"

ሁለተኛው ፈተና ሲመጣ ኡምኩልሱም መድኃኒቱን አግኝታለች። ኢቲዳል "እማ፣ ያለፈ ነገር ሲሆን መጨረሻው ላይ ኢዲ ይጨመራል" ብላታለች። ኢቲዳል ልትቀጥል ነበር፤ እናቷ ግን የፈለገችውን ስለሰማች ተነሥታ ሄደች። ፈተናው ላይ ኢዲን እንደ በርበሬ ነሰነሰችው። ጎድ፣ ካምድ፣ ኢትድ። ይህ ባልከፋ፤ "ትናንት" የሚለውም ያለፈ ነው ብላ እሱ ላይም ጨመረች። በመጨረሻ ስሟን ስትጽፍ እጇ አላቆም አላትና፣ "ኡምኩልሱምድ"!

ወይዘሮ ሕብረት በዚያን ቀን ሲስቁ ሻያቸው በአፍንጫቸው ወጣ ይባላል። ወለሉን ያጸዳችው ራሷ ኡምኩልሱም ናት።

እነሆ ሦስተኛው ማስታወቂያ በግንቦት ወጣ። ፈተናው ሰኔ አጋማሽ ነው። አሶሳ በማንጎ ሽታ ስትታጠን ኡምኩልሱም ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያም ባልዲዋን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

በሩ ላይ ያሉት ጋሽ ገበየሁ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ከአምባዎቹ በአንዱ የሰፈሩ ሰው ናቸው። አርባ ዓመት የአሶሳ ፀሐይ ቢመታቸውም ንግግራቸው ከወሎ ፈቀቅ አላለም። እንግሊዝኛቸውን ያገኙት ከስምንተኛ ክፍል፣ ከራዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። የበሩ መዝገብ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አንድ የቀድሞ ፈረንጅ ኃላፊ አዝዞ ሄዷል። ሌሎቹ ጥበቃዎች ከስምና ከሰዓት አያልፉም። ጋሽ ገበየሁ ግን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው የሚጽፉት። አንድ እንግዳ ላፕቶፕ ይዞ ቢገባ፣ "ሂ ኬም ዊዝ ዋን ላፕቶፕ" ይላሉ። ሲወጣ ደግሞ፣ "ሂ ዌንት ዊዝ ዘ ሴም ላፕቶፕ።" ያቺ "ዘ ሴም" ፊርማቸው ናት፤ ያው ራሱ ዕቃ መሆኑን በዐይናቸው አይተው አረጋግጠዋል ማለት ነው።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ያለፈ እንግሊዝኛ አስተምረኝ" አለች ኡምኩልሱም።

"ያለፈውን ብቻ? የሚመጣውንስ?"

"የሚመጣው አላህ ያውቃል። ፈተና ላይ የሚመጣው ያለፈው ናት።"

ጋሽ ገበየሁ ሳቁና መዝገቡን ወደ እሷ አዞሩት። "እንግዲያስ ደህና ቦታ መጥተሻል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ያላለፈ ነገር የለም። ሰው ካላለፈ አልጽፈውም። ይኸውልሽ፦ መጣ፣ ኬም። ሄደ፣ ዌንት። አመጣ፣ ብሮት። ወሰደ፣ ቱክ። ኢዲሽን ጣያት፤ እነዚህ የበር ግሶች ኢዲ አይወዱም።"

"ለወንድ ኬም። ለሴትስ?"

"ኬም።"

"ለብዙ ሰው?"

"ኬም።"

"ለአንቺስ?"

"'ለአንተስ' በይ፤ እኔ ገበየሁ ነኝ። ለእኔም ኬም።"

ኡምኩልሱም መወልወያዋን አቅፋ ወደ ሰማይ አየች። "ያ ሰላም! አልሐምዱሊላህ! መጣ፣ መጣች፣ መጡ፣ መጣሽ፣ መጣህ ... ስንት ዓመት በአማርኛ ተሠቃየሁ! እንግሊዝኛ እኮ ቀላል ናት።"

"አትቸኩይ እህት ዓለም፣ ሦስት ዓይነት መምጣት አለ" አሉ ጋሽ ገበየሁ፤ ጣታቸውን መዝገቡ ላይ አሳረፉ። "ይህ ሰውዬ ገባ፣ ወጣ፣ ሰዓቱ ተጻፈ። አለቀ፣ ደቀቀ። ኬም። ይህች ሴትዮ ደግሞ ገብታለች፤ የመውጫ ሰዓቷ ባዶ ነው፤ ማለት አሁንም ግቢ ውስጥ አለች። ሃዝ ካም። ይህ ሦስተኛው ኃላፊዋ ከመግባታቸው በፊት ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ እብስ ያለ ነው። እሳቸው ሲደርሱ እሱ የለም። ሃድ ካም። ገባሽ?"

"ገባኝ። አልወጣም።"

"ይህች ሴት ፈላስፋ ናት!" አሉ ጋሽ ገበየሁ ለበሩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ሠራተኛው ሳይገባ፣ ኡምኩልሱም የትናንቱን ገጽ ጮክ ብላ ታነባለች። ጋሽ ገበየሁ ደጃፋቸውን እየጠረጉ ያርሟታል። መዝገቡ ከሁሉ የሚሻል የንባብ መጽሐፍ ሆነ። ሰው አለበት፣ ዕቃ አለበት፣ ትንሽ ሐሜትም አያጣውም። አንድ ጥብቅ ሕግ ደግሞ አለው፦ የመውጫ ሰዓቱ ባዶ ሆኖ ገጽ አይዘጋም። ፈረቃቸው ሊያልቅ ሲል ጋሽ ገበየሁ ግቢውን ዞረው፣ ከማንጎው ሥር እንቅልፍ የወሰደውን እንግዳ እንኳ ቀስቅሰው አስወጥተው ነው ፊርማቸውን የሚያሳርፉት። "ክፍት መዝገብ፣ ክፍት በር" ይላሉ።

ኡምኩልሱም ቤትም እርፍ አላለችም። ከኢቲዳል አሮጌ ደብተር ገጾች ገነጠለች፣ በማስመሪያ አሰመረች፣ በሩ አጠገብ ሰቀለች። ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ ምክንያት፣ ይዞ የገባው፣ ይዞ የወጣው፣ የወጣበት ሰዓት። ኢቲዳል ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃታለች።

"ስም?"

"እማ፣ በአላህ!"

"ስም?"

"ኢቲዳል።"

"ምክንያት?"

"ረሃብ!"

"ኢቲዳል ኬም አት ስድስት ተኩል ዊዝ ረሃብ" ትላለች ኡምኩልሱም እየጻፈች። "ዊዝ ዘ ሴም ረሃብ እንዳትወጪ፤ ገንፎው እዚያ ናት።"

የጎረቤት ፍየል ተመዘገበች። አንድ ከሰዓት የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ እሱም ተመዘገበ። "ሬይን ኬም ዊዝ ዊንድ። ሬይን ዌንት ዊዝ የጎረቤት ቆርቆሮ።" ኢቲዳል ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች።

ሳቋ ሲበርድላት ግን ፊቷ ቅጭም አለ። "እማ፣ ስለ ሕይወትሽ ጻፊ ቢሉሽ ምን ልትሆኚ ነው? ሰው እኮ መምጣትና መሄድ ብቻ አይደለም። ይወለዳል፣ ይሞታል፣ ያገባል። ለእነዚህ ሁሉ ግስ አላቸው።"

"መወለድ ምንድን ናት?" አለች ኡምኩልሱም ሽንኩርቷን ሳታቋርጥ እየላጠች። "መምጣት። መሞትስ? መሄድ። ከመሐል ያለው፣ ይዞ መግባት፣ ይዞ መውጣት። ኸላስ። ሌላ ምን አለ?"

ኢቲዳል ሌላ ሽንኩርት አንሥታ አብራት መላጥ ጀመረች።

በፈተናው ቀን ተፈታኞቹ በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተደረደሩ፤ ኡምኩልሱም ለሦስተኛ ጊዜ ከወንበሮቿ በአንዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የሚያቃስተው ደረሳት። ከፊቷ ሰራዊት የሚባል፣ ዲግሪውን በቅርቡ የያዘ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ወጣት አለ። ጥያቄው እንደ ፈሩት ነው፦ ስላለፈው ሕይወትህ አንድ ገጽ ጻፍ። ሰራዊት ጎንበስ እንዳለ ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀ። ኡምኩልሱምም እጇን አወጣች።

"ወረቀት?" አሉ ወይዘሮ ሕብረት።

"ማስመሪያ።"

አሰመረች። ስም፣ የገባበት፣ ምክንያት፣ ይዞ የገባው፣ ይዞ የወጣው፣ የወጣበት። ከዚያም ዕድሜዋን በሙሉ፣ ከመንጌ ጅረት እስከ አሶሳ አስፋልት፣ በበር ግሶች አሳለፈችው።

በማግስቱ ለቃል ፈተና ስትገባ ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በአንድ በኩል ወይዘሮ ሕብረት፣ በሌላ በኩል አዲሷ ፈረንጅ ኃላፊ ተቀምጠዋል። ፈረንጇ መሀረባቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገዋል። ማልቀሳቸው ነው ወይስ መሳቃቸው? ኡምኩልሱም መለየት አቃታት።

"ኡምኩልሱም፣ እኛ ድርሰት ነው ያልነው" አሉ ወይዘሮ ሕብረት። "ይህ ምንድን ነው?"

"ሕይወት ናት።"

ወይዘሮ ሕብረት ወረቀቱን አነሡና ማንበብ ጀመሩ። አንደኛ ተራ፦ ኡምኩልሱም መጣች፣ መንጌ፤ ይዛ የገባችው፣ ጩኸት። ሁለተኛ ተራ፦ አባት ሄደ፤ ይዞ የወጣው፣ ነጭ ጨርቅ፤ አልተመለሰም። ሦስተኛ ተራ፦ እናትና ልጅ ወደ ጅረት ሄዱ፤ ብዙ ውኃ መጣ፣ ጥቂት ወርቅ መጣ። አራተኛ ተራ፦ ባል መጣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ምክንያት፣ ጋብቻ፤ የመኪና ሰሌዳ የለውም፣ በአህያ ነው፤ ይዞ የገባው፣ ሁለት ፍየል። አምስተኛ ተራ፦ ባል ሄደ፤ ምክንያት፣ ኩርሙክ፤ ይዞ የወጣው፣ አንድ ፍራሽ።

ፈረንጇ ጣታቸውን አራተኛው ተራ ላይ አኑረው፣ ሙሽራው ለምን በሌሊት ሁለት ሰዓት ተኩል እንደመጣ ጠየቁ።

"በእኛ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ማለቷ ነው" አሉ ወይዘሮ ሕብረት።

ኡምኩልሱም ተቀየመች። "ሌሊት የሚመጣ ባል እኔ አይቀበልም!"

ይህም ተተረጎመ፤ ፈረንጇ እንደገና መሀረባቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ተራ ወረዱ፤ ሳቃቸውም ቀስ እያለ ቆመ። እዚያ ላይ፣ "ኡምኩልሱም፤ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፤ ምክንያት፣ ሥራ፤ ይዛ የገባችው፣ አንድ ባልዲ" ይላል። የመውጫው ሳጥን ባዶ ነው። ፈረንጇ በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ በእንግሊዝኛ ጠየቋት፤ ይህ ለምን ባዶ ሆነ?

ኡምኩልሱም ጠረጴዛውን አየች። ያጠናቻቸው ግሶች ሁሉ እንደ ጭቃ ውኃ ሲሽከረከሩ ተሰማት። እናቷ እንዳሉት ዝም ብላ ጠበቀች። ቀስ በቀስ ጠራ።

"አይ ሃቭ ካም" አለች።

ወይዘሮ ሕብረት ቀና ብለው አዩዋት። ያን ጊዜ ነው ኡምኩልሱም ወደ አማርኛዋ የተመለሰችው። "ገብቼ አለሁ። አልወጣሁም። ግን ጋሽ ገበየሁ መዝገብ ላይ እኔ የለም። ጽዳት አይመዘገብም። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፈለግኩ፤ ስሜ አንድ ቀን የለም። ለዚህ እኔ ጻፍኩት።"

ውጤቱ በሳምንቱ ተለጠፈ። ተመራጭ፣ ሰራዊት። ተጠባባቂ፣ ኡምኩልሱም፤ ተጠባባቂነቱ የሚጸናው እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ብቻ።

"ተጠባባቂ ማለት ምንድን ናት?" አለች ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ።

ጋሽ ገበየሁ እንዴት እንደሚሉት ጨነቃቸው። "ስሙ ተጽፎ ... ከበር ውጭ የቆመ ሰው።"

"ቢያንስ ተጻፈ" አለች፤ ዞራም ልትወለውል ሄደች። ቀልድ ነው ያለችው፤ ግን በዚያን ሰሞን ወለሉን የምትፈትገው የዕዳ ያህል ነበር። ኢቲዳልም ቤት ስትገባ "ስም?" የሚላት ጠፋ። በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ ዝናብ አራሰውና መስመሮቹ ፈሰሱ።

ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ ገባ፤ መንገዱም ጭቃ ብቻ ሆነ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ጋሽ ገበየሁ ከጎጇቸው አንገታቸውን አውጥተው ተጣሩ።

"ኡምኩልሱም! ነይ እስቲ የንባብ ትምህርትሽን!"

"ትምህርት አለቀ፣ ጋሽ ገበየሁ።"

"ነይ ነው የምልሽ። እኔ የምናገረው ነገር የለም። በረኛ አፍ የለውም። መዝገብ ግን ለማንበብ ለሚችል ክፍት ነው።"

መጣች። እጇን በጨርቋ አደረቀችና ጣቷን በትናንቱ ገጽ መስመር ላይ አስኬደች። "ሚስተር ሰራዊት ኬም አት ሦስት ሰዓት ከዐሥር። ሂ ኬም ዊዝ ዋን ባግ፣ ዋን ማትረስ ኤንድ ዋን ሌተር።" አንድ ቦርሳ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ደብዳቤ። ቀጠለች። "ሂ ዌንት አት ሦስት ከሃያ አምስት። ሂ ዌንት ዊዝ ዘ ሴም ባግ ኤንድ ዘ ሴም ማትረስ።"

 እንደገና አነበበች። ጣቷ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተመለሰ፤ ከዚያ ሁለተኛው ላይ።

"ደብዳቤዋ የት ሄደች?"

"እኔ ምንም አላልኩም።"

"ቦርሳ ወጣች። ፍራሽ ወጣች። ደብዳቤ ውስጥ ቀረች!"

"እኔ ምንም አላልኩም አልኩ!" አሉ ጋሽ ገበየሁ፤ ጢማቸው ግን መሳቁን መደበቅ አልቻለም። "ሸርቆሌ ሙቀቱ፣ ብቸኝነቱ፣ ኔትወርኩ ... የከተማ ልጅ ነው፤ አልቻለውም። ይህንም አላልኩም።"

"ምናልባት ይመለስ ይሆናል" አለች ኡምኩልሱም፤ ራሷን ልታስጠነቅቅ ብላ። ወዲያው ግን ራሷን ነቀነቀች። "ኧረ አይመለስም። ፍራሽ ይዞ የወጣ ወንድ አይመለስም። ይሄን እኔ ያውቃል!"

በዚያ ጠዋት የወይዘሮ ሕብረት ቢሮ ደጃፍ አንድ ጊዜ ታጠበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ታጠበ። ሦስተኛው ሲጀመር ወይዘሮ ሕብረት በሩን ከፈቱ።

"ኡምኩልሱም፣ ይህ ወለል ዛሬ ስንት ጊዜ ነው የሚታጠበው?"

"እስክትጠራኝ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አነበብኩ።"

ወይዘሮ ሕብረት ወደ ውስጥ ገቡ፣ ወረቀት ይዘው ወጡ። እርጥቡ ወለል ላይ ላለመርገጥ በእግር ጣታቸው ቆመው አቀበሏት። "በእርግጥ ነገ ልጠራሽ ነበር። ሰኞ ሸርቆሌ ትሄጃለሽ። እስከዚያ በአላህ ይሁንብሽ፣ ይህን ደጃፍ ተይልኝ፤ እንዳልወድቅ!"

ሰኞ ጠዋት የድርጅቱ መኪና ግቢ ውስጥ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሾፌሩ ዲማ መሪውን በጣቱ ይደበድባል። ኡምኩልሱም አዲስ ሻርፕ ለብሳለች፣ ቦርሳዋን ጭናለች። ሰማያዊ ባልዲዋን ግን አልጫነችም፤ የግሏ ነው፣ ለአዲሷ ጽዳት ልትሰጣት ነው። ቅድሚያ ግን ወደ ጋሽ ገበየሁ ጎጆ ሄደች።

"ጻፈኝ" አለች። "ኡምኩልሱም ዌንት በል።"

ጋሽ ገበየሁ እስክሪብቶውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸው ተጨነቀ። "አይሆንም።"

"ለምን?"

"ያልገባ ሰው እንዴት ይወጣል? መዝገቡ ላይ አልገባሽም።"

"ዐሥራ አራት ዓመት ገብቻለሁ!"

"አውቃለሁ። ኅዳር ሦስት ቀን ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት። ቢጫ ሻርፕ ነበረሽ። ይህችን ባልዲ ይዘሽ 'ሥራ ሰጥተውኝ' አልሽኝ፤ 'ሰጥተውኛል' ልትዪ ነበር። ግን መዝገብ ወደ ኋላ አይጻፍም፣ እህት ዓለም። ሕግ ነው።" ትንሽ አሰቡና ብድግ ብለው ትንሿን በር ከፈቱ። "ውጪና እንደገና ግቢ።"

"ጋሽ ገበየሁ!" ብሎ ጮኸ ዲማ ከመኪናው። "መንገዱ ሳይጨቀይ ብንሄድስ?"

"ዝም በል፤ እንግዳ እየመጣ ነው!"

ኡምኩልሱም ከነባልዲዋ ወጣች። በሩ ተዘጋባት። መንገዱ ላይ ቆማ የግቢውን በር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ አየችው፤ ቀለሙ ከታች ተላልጧል፤ ከውስጥ ስትወለውለው ይህ አይታይም። አንኳኳች።

"ማነው?" አሉ ጋሽ ገበየሁ ከውስጥ፣ በማታውቀው ወፍራም ድምፅ።

"ኡምኩልሱም!"

በሩ ተከፈተ። ፈተሿት። መታወቂያዋን ጠየቋት፤ ፎቶዋን ከፊቷ ጋር በጥንቃቄ አስተያዩ። "ምክንያት?"

አሰበች። "ለመሄድ።"

"ለመሄድ መጣሽ?"

"ሁሉም ሰው ለመሄድ ነው የሚመጣ።"

ጋሽ ገበየሁ ራሳቸውን ነቅንቀው ጻፉ። "ሚስ ኡምኩልሱም ኬም አት ሁለት ከአርባ። ሺ ኬም ዊዝ ዋን ባልዲ።" ከዚያ እስክሪብቶውን ኪሳቸው ከተቱ።

"መውጫዋስ?" አለች ኡምኩልሱም ባዶውን ሳጥን እያሳየች።

"ይሁን ተያት ... ትቆይ። ሸርቆሌ ሩቅ አይደለም፤ ዐርብ ዐርብ ኢቲዳልን ልታዪ ትመጫለሽ።"

"ክፍት መዝገብ፣ ክፍት በር። አንተ ነህ ያልከው።" እጇን ዘርግታ እስክሪብቶውን ከኪሳቸው አወጣች፤ መዝገቡን ወደ ራሷ አዞረች። ዐሥራ አራት ዓመት አቧራውን ብቻ ስትጠርግለት በነበረው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አለችና፣ በቀጥተኛ ፊደል፣ ኢዲም ሳትጨምር ጻፈች፦ ሺ ዌንት አት ሁለት ከአርባ አምስት።

ጋሽ ገበየሁ በትከሻዋ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። እንባ ነው እንዳይባሉ ወዲያው ተቆጡ።

"ይዛ የወጣችውስ? ባዶ ነው! መዝጋቢ ልትሆኚ አይደል የምትሄጂው?"

"ባልዲዋን እዚህ ትቼ ..."

"አንድ ባልዲ ይዛ ገባች ይላል። ያስገቡት ዕቃ ሳይወጣ ገጽ አልዘጋም!"

ስለዚህ "ዊዝ ዘ ሴም ባልዲ" ተብሎ ተጻፈ። ኡምኩልሱም ከዲማ ጎን ተቀመጠች፤ ባልዲዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሁለቱ የብረት መዝጊያዎች ተከፈቱ።

"ሸርቆሌ ወንበር ላይ ልትቀመጪ ነው አሉ" አለ ዲማ ባልዲዋን በዐይኑ ሰርቆ እያየ። "ይህ ደግሞ ለምንድን ነው?"

"ምን ላድርግ?" አለች ኡምኩልሱም፣ ባልዲዋን እንደ ሙሽራ ዕቃ አቅፋ። "መዝገቡ ላይ አለች!"